ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ ትራክተር ለከባድ ጉተታ

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ ማሲ ፈርጉሰን 135 አለኝ። ተሳቢ ይዞ ዳገት ሲወጣ አቅም ያጣል፤ በሞተሩ መተንፈሻም ጭስ ይወጣል። መካኒኩ «ሪንግ (የፒስተኑን ቀለበት) ብቻ እንቀይር» ይለኛል። ይበቃል?

መልስ፦ ካሚቻው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደሩ የውስጥ ቱቦ፣ ሳይለካ «ይበቃል» የሚል መካኒክ እየገመተ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከመነሳቱ በፊት ናፍጣ በሚረጨው ኢንጀክተር ቀዳዳ የኮምፕረሽን (የእመቃ ግፊት) መለኪያ ይግጠሙ። የመጀመሪያውን ንባብ ይያዙና አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ይድገሙት፤ ዘይቱ ከዚህ አይብዛ። ንባቡ ከፍ ካለ ያለቀው ሪንግ ወይም ካሚቻ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቩን ይመልከቱ።

ሞተሩ ሲፈታ አዲስ ሪንግ ብቻውን ካሚቻው ውስጥ ያስገቡና በተገለበጠ ፒስተን እየገፉ ቀጥ ያድርጉት። መጀመሪያ ሪንግ በማይደርስበት ታችኛው ጫፍ፣ ቀጥሎ የላይኛው ሪንግ በሚመለስበት ቦታ የሪንጉን አፍ ክፍተት ይለኩ። ልዩነቱን ለ3.14 ያካፍሉት። ታች 0.4፣ ላይ 1.0 ሚሊሜትር ካገኙ ልዩነቱ 0.6 ነው፤ ካሚቻው 0.19 ሚሊሜትር ያህል ሰፍቷል ማለት ነው። እዚህ ከደረሰ ለሪንግ ብቻ ገንዘብ አያውጡ፤ ሾጣጣና ሞላላ በሆነ ካሚቻ አዲስ ሪንግ አይዝም፣ ጭሱ ተመልሶ ይመጣል። የ135 ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ካሚቻ ውሃ የማይነካው ደረቅ ነው። በፕሬስ ወጥቶ በፕሬስ ይገባል፤ ስለዚህ ብሎኩ ቶርኖ ቤት ይሂድ። በመዶሻ የገባ ካሚቻ ይጣመማል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ የናፍጣ ፖምፓው ተከፍቶ ነዳጅ ቢጨመርለት ጉልበት አያገኝም?

መልስ፦ አያገኝም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ወለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ይደክማል። የጎደለው አየር ነው፣ ናፍጣማ ሞልቷል። ትርፉ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የካሚቻውን ዘይት ያጥባል፣ ሙቀቱ ሲበዛም ቴስታታ ይሰነጥቃል። ይልቁን የአየር ፊልትሮውን ያጽዱ፤ አየሩን በዘይት የሚያጣራ ዓይነት ከሆነ በውቂያ ሰሞን በየቀኑ ይታይ፣ እብቁ ዘይቱን ጭቃ ያደርገዋል። ውሃም እዚያ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ይቀየር። ጨርቅ መወተፍ ክዳን መግጠም አይደለም።

ጥያቄ፣ ከመራዊ፦ ሞተሩ ታድሷል፤ ግን የኋላ ጎማው እየዞረ መሬት ይቆፍራል።

መልስ፦ ክብደት ጎድሎታል። ቬንቲሉን (የንፋስ መሙያውን) ወደ ላይ አድርገው ካላማዳሪውን እስከ ቬንቲሉ ድረስ ውሃ ይሙሉት፣ የቀረውን በአየር። እያንዳንዱ 100 ሊትር 100 ኪሎ ነው። በረዷማ አገር ውሃው እንዳይረጋ ጨው ይጨምሩበታል፤ መራዊ ላይ ምን ያደርጋል፣ ቸርኬ ማዛግ ብቻ።

መንሸራተቱን በኖራ ይለኩ። ጎማው ላይ ምልክት አድርገው ጭነት እየጎተተ 10 ዙር ይሂድ፤ ያንኑ ርቀት ባዶውን ሲሄድ 8 ዙር ተኩል ከሆነ 15 በመቶ ይንሸራተታል። እርሻ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ ክብደት ይጨመር።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ እንደ ፈረንጆቹ የትራክተር ጉተታ ውድድር ብናደርግስ? ሰንሰለቱ የት ይታሰር?

መልስ፦ ከኋላ አክስሉ መሐል በታች ባለው መጎተቻ ብረት ላይ ብቻ። ከአክስሉ በላይ ከታሰረ ጎማው መሬት ሲይዝ አፍንጫው ይነሳል፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ትራክተሩ ላዩ ላይ ይገለበጣል። በአሜሪካ የአሮጌ ትራክተሮች ውድድር የመጎተቻው ከፍታ ብዙ ጊዜ በ50 ሴንቲሜትር ይገደባል፤ ሙሉ ጉተታ የሚባለውም 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ነው። ተመልካች ከሰንሰለቱ ትይዩ አይቁም፤ የተበጠሰ ሰንሰለት እግር ይሰብራል።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ አዲስ የታደሰ ሞተር ስንት ሰዓት በባዶው ይሥራ?

መልስ፦ በባዶው አይሥራ። ያለ ጭነት ሲያጓራ የዋለ ሞተር ካሚቻው ይለሰልስና ሪንጉ ሳይቀመጥ ይቀራል፣ ዘይትም ይበላል። ውሃው እንደሞቀ ግማሽ ጭነት ይስጡት፣ እስከ 20 ሰዓት ድረስ። የመጀመሪያው ዘይት በ50 ሰዓት ውስጥ ይቀየር።