መልስ፦ ለአክስትህ ዶክሲሳይክሊን ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። የሳንባ ካንሰር ላለባቸው አክስቴ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ብሰጣቸው በሽታ የመከላከል አቅማቸውን ያጠነክራል ወይ ብለሃል። እግዜር ይማራቸው።

ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። የጃፓኑ ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዶክሲሳይክሊን ያለበትን የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ መድኃኒቶችን ፈትሸው ነበር። አዎ፣ የዓይን ቅባቱ ዘመዶች። ካንሰር ጋሌክቲን-1 በሚባል ፕሮቲን ቲ ሴሎችን፣ ማለትም የሰውነታችንን ወታደሮች፣ ያፈዛል። መድኃኒቶቹ ፕሮቲኑን ሲያግዱት ቲ ሴሎቹ ነቃ አሉ። ይህ ግን የቤተ ሙከራ ውጤት ነው። በዚህ ተመርኩዞ ለካንሰር መስጠት አይቻልም።

እንዲያውም ሌላው ወገን ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የፈረንሳይ ጥናት፣ ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰርን እንዲዋጋ የሚያግዝ ሕክምና) ከሚወስዱ ሕሙማን መካከል አንቲባዮቲክ የወሰዱት ውጤታቸው የከፋ ነበር። አንቲባዮቲኩ ሕክምናውን የሚያግዙ የአንጀት ባክቴሪያዎችን አብሮ ይጠርጋል።

በአንቲባዮቲክ የሚጠፋ ካንሰርም አለ፤ ማልት ሊምፎማ ይባላል፣ ጨጓራ ላይ የሚወጣ። ያቺ ሁላችንም የምናውቃት ኤች ፓይሎሪ ስትጠፋ ብዙ ጊዜ ዕጢውም አብሮ ይከስማል። ግን አሠራሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ በባክቴሪያዋ የተቆጡት ቲ ሴሎች ራሳቸው ዕጢውን ያሳድጉታል። ስለዚህ ለሳንባ ካንሰር ምሳሌ አይሆንም።

አክስትህ አሁን የሚወስዱት ምንድን ነው? ኢሚውኖቴራፒ ከሆነ ሐኪማቸውን ሳትጠይቅ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትሰጣቸው። ለኢንፌክሽን ብሎ ሐኪሙ ካዘዘላቸው ግን ይውሰዱ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።