ቢዴ፣ ሻታፍ ወይስ ኩስኩስት፦ ደሴ ላይ ቤት ለሚያሠሩት እኅታችን

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። እኅታችን የጠየቁት ባጭሩ ይህ ነው፦ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እያሠሩ ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናታቸው አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ንድፉን ያወጣው ባለሙያ ከመጸዳጃው መቀመጫ ጎን «ቢዴ» የሚባል፣ ከተጸዳዱ በኋላ ተቀምጠው የሚታጠቡበት ሁለተኛ ሳህን አስገብቷል፤ ባለቤታቸው ደግሞ «ኩስኩስት እያለ የፈረንጅ ቅንጦት ምን ያደርጋል፣ ውሃው ራሱ መቼ መጥቶ» ብለው ተቃውመዋል። ሳህኑ ይተከል፣ ወይስ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሰዎች የሚያውቁት፣ በእጅ የሚያዝ የውሃ መርጫ የሆነው ሻታፍ ይበቃል፣ ወይስ ሁለቱም ይቅሩ ነው ጥያቄው። ጅዳ ውስጥ ለዓመታት በሕንፃ ጥገና ሠርቼ፣ ከተመለስኩ ወዲህም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በሳኒተሪ ሥራ ስለምተዳደር፣ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍ። አስቀድሜ ፍርዴን ልናገር፦ ሳህኑን ይተዉት፣ ሻታፉን ያስገቡ፣ ከሳህኑ የሚተርፈውን ገንዘብ ግን ከሻታፉ ጀርባ ላለው የውሃ መስመር ያውሉት።

ባለቤትዎ «የፈረንጅ ቅንጦት» ያሉት ስለ ሳህኑ ከሆነ መነሻው ላይ አልተሳሳቱም። ቢዴ የተወለደው ፈረንሳይ ውስጥ ሲሆን፣ ስሙ በጽሑፍ የሚገኘው እ.ኤ.አ. ከ1710 ገደማ ጀምሮ ነው። ያኔ የቧንቧ ዕቃ አልነበረም፤ በእንጨት በርጩማ መሰል ማቀፊያ ውስጥ የተቀመጠ፣ አገልጋይ ውሃ የሚሞላውና የሚደፋው ገበቴ ነበር፤ ቦታውም መታጠቢያ ቤት ሳይሆን መኝታ ቤት ነበር። የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ወዳጅ የነበረችው ማዳም ደ ፖምፓዱር በጌጠኛ እንጨት የተሠራ ነበራት፤ ከኦስትሪያ ሄዳ የኔፕልስ ንግሥት የሆነችው ማሪያ ካሮሊናም በካዜርታ ቤተ መንግሥት እንዲቀመጥላት አድርጋለች። ዕቃው ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከግድግዳ ጋር የተያያዘው በ19ኛው መቶ ዘመን የቤት ውስጥ የቧንቧ መስመር ሲስፋፋ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው መቶ ዓመት ቢዴ ማለት አንድ ሰው ቀድቶ የሚያመጣው፣ ሌላው ተቀምጦ የሚታጠብበት ውሃ ነበር፤ በዚህ በኩል ከኛ የማስታጠብ ወግ እምብዛም አይርቅም።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በትውልድ አገሩ በፈረንሳይ፣ መታጠቢያ ቤቶች እየጠበቡና ሻወር እየተለመደ ሲሄድ አዳዲስ ቤቶች ሳህኑን ተዉት። ጣሊያን ግን እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ የሚኒስትር ድንጋጌ እያንዳንዱ መኖሪያ ቢያንስ በአንድ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ መቀመጫ፣ ቢዴ፣ የእጅ መታጠቢያና ገንዳ ወይም ሻወር እንዲኖረው አስገደደች፤ እስካሁንም የጣሊያን ቤት ያለ ቢዴ አይታሰብም። የኛ አገር የቤት ንድፍ አውጪዎች ከኢንተርኔት የሚያወርዱት ሥዕል ብዙ ጊዜ ከዚያ ወገን የመጣ ስለሆነ፣ ያ ሁለተኛ ሳህን ባለቤቱ ሳያዝ ፕላን ላይ ተቀምጦ ማየት የተለመደ ነው። ባለቤቱም ዋጋውን ሲሰማ ነው የሚደነግጠው።

ጃፓኖች ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዱ። ቶቶ የተባለው ኩባንያ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ውሃ የሚረጭ መቀመጫ ከአሜሪካ ያስመጣ ነበር፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1980 «ዎሽሌት» ብሎ የራሱን አወጣ። ከመቀመጫው ሥር ቀጭን አፍንጫ ትወጣለች፣ ለብ ያለ ውሃ ትረጫለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ዛሬ ከጃፓን ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ መቀመጫ አላቸው። አሜሪካኖች ግን ዕቃው ከአገራቸው ሄዶ ሳለ ለብዙ ዘመን ፊት ነሥተውት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ ሶፍት ከመደርደሪያ ሲጠፋባቸው ነው በብዛት መግዛት የጀመሩት።

በሙስሊሙ ዓለም ነገሩ ከዕቃ አልጀመረም። ከመጸዳዳት በኋላ በውሃ መታጠብ፣ ኢስቲንጃ፣ ከጦሃራ (ከሃይማኖታዊ ንጽሕና) ክፍል ነው፤ ቁርኣንም በተውባ ምዕራፍ መጥራራትን የሚወዱ ሰዎችን ያወድሳል። ወሎ ውስጥ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም፤ ሙስሊሙ በኩስኩስት፣ ክርስቲያኑም በማንቆርቆሪያም ይሁን በጆግ ይታጠባል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱ እምነቶች ባሉበት ቤት ደግሞ የመጸዳጃው ዕቃ የጋራ ነው። ሻታፍ ማለት እንግዲህ ያ ኩስኩስት በተጣጣፊ ቱቦ ተተክቶ ጫፉ ላይ መጫኛ የተደረገለት ማለት ነው። ከዓረብ አገር እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ተስፋፍቷል፤ ክርስቲያን በሚበዛባት ፊንላንድ እንኳ ከእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ጋር ተያይዞ በየቤቱ ይገኛል። ለባለቤትዎ ሊነግሯቸው የሚገባው ይህ ነው፤ ሻታፉን ቅንጦት ማለት ኩስኩስቱንም ቅንጦት ማለት ይሆናል።

ወደ ቤትዎ ልመለስ። ሳህኑን የምቃወመው በዋጋው ብቻ አይደለም። ዕቃው ራሱ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ በሁለቱም ወገን ጉልበት የሚዘረጋበት ቦታ ይፈልጋል፤ የራሱ ቀዝቃዛና ሙቅ መስመር፣ የራሱ ሲፎን (ሽታ የሚያግድ ጥምዝ ቧንቧ)፣ የራሱ መውረጃ ያስፈልገዋል። ከሁሉም በላይ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ሳህኑ መዛወር አለበት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይህን በቀን ደጋግመው እንዲያደርጉ መጠየቅ ልክ አይመስለኝም። በዚያው ቦታ ግድግዳው ላይ በጽኑ የታሰረ የብረት መደገፊያ ቢያስገጥሙላቸው ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

የውሃው ነገር ግን ዋናው ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። ባለቤትዎ «ውሃው መቼ መጥቶ» ማለታቸው ትክክል ነው፤ ሆኖም በሻታፍ መታጠብ የሚወስደው ውሃ ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ መቀመጫው አንድ ጊዜ ሲለቀቅ ግን እንደ ዕቃው ስድስትም ዘጠኝም ሊትር ይሄዳል። ውሃ አባካኙ ሻታፉ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መስመሩ ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ይወርዳል፣ በሚወርድበትም ጊዜ ከኋላው ያገኘውን ይስባል። ያን ሰዓት የሻታፉ ጭንቅላት የመጸዳጃው ሳህን ውስጥ ወድቆ፣ መጫኛውም ላልቶ ከተገኘ፣ የሚሳበው የመጸዳጃው ውሃ ነው፤ ውሃው ተመልሶ ሲመጣም የሚወጣው በወጥ ቤቱ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻታፍን ከመንገድ ከሚመጣው መስመር ጋር በቀጥታ አያገናኙ። የምመርጠው ለመጸዳጃ ቤቱ ብቻ የምታገለግል ትንሽ ታንከር ከዋናው ሮቶ በታች ማስቀመጥ ነው፤ ውሃው ከላይ ይገባባታል፣ ስትሞላ በተንሳፋፊ ቫልቭ ራሷን ትዘጋለች፤ የሚገባበት አፍም ከውሃው ወለል ከፍ ያለ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚሳብ ነገር አይኖርም። ይህ ካልተቻለ ቢያንስ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቼክ ቫልቭ ያስገጥሙ፤ የሻታፉ መስቀያም ቱቦው ተንጠልጥሎ የመጸዳጃው ሳህን ውስጥ በማይደርስበት ቦታ ይሁን። ቼክ ቫልቭ ሲያረጅ በትክክል መዝጋቱን ስለሚያቆም እንደ ታንከሩ አልተማመንበትም።

ሁለተኛው ነገር ግፊት ነው። ውሃ በየ10 ሜትር ከፍታው አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሻታፉን የሚመግበው ታንከር ከሻታፉ በሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.3 ባር ገደማ ነው የሚያገኙት፤ ይህ ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች ላሉት ጭንቅላት ይበቃል፣ እንደ መርፌ ቀጭን ቀዳዳ ላለው ግን አይበቃም። በገበያ ላይ አንጸባራቂውና ውዱ ብዙ ጊዜ ያ ቀጭኑ ነው። በተቃራኒው ከመንገድ መስመር የተቀጠለ ሻታፍ ቁልቁለት ላይ ባለ ቤት ከሚገባው በላይ ይገፋል። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች በአንድ ሰፈር ውስጥ የላይኛው ቤት ሲንጠባጠብ የታችኛው ይፈናጠራል። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ደግሞ የሚጠቀም ስለሌለ ግፊቱ ይጨምራል። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ደንበኛዬ ቤት ቱቦው ሌሊት ፈንድቶ እስኪነጋ ሳሎኑን አጥለቅልቆታል፤ ምክንያቱ የሻታፉን መጫኛ ብቻ እየለቀቁ የግድግዳውን ቫልቭ ክፍት መተዋቸው ነበር። መጫኛው ሲለቀቅ ውሃው ይቆማል እንጂ ቱቦው አያርፍም፤ ቀንና ሌሊት ሙሉውን ግፊት ተሸክሞ ይውላል ያድራል። ስለዚህ ይህ የግድግዳ ቫልቭ (አንግል ቫልቭ) ከመቀመጫው ኋላ ሳይሆን የተቀመጠ ሰው እጁ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ኋላ ከሆነ ማንም አይዘጋውም። ቱቦውም በብረት የተጠለፈ ይሁን፤ ስንጥቅ ሲያሳይ ሳይፈነዳ ይቀየር።

ብርዱን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ ጥር የደሴ የጠዋት ውሃ ለአዛውንት ከባድ ነው። ቦይለር ካለ የሻታፉን መስመር ከእጅ መታጠቢያው የሙቅና ቀዝቃዛ ማደባለቂያ ማውጣት ይቻላል፤ ፊንላንዶች የሚያደርጉት ይህን ነው። የጃፓኑን ዓይነት የኤሌክትሪክ መቀመጫ ግን አልመክርም፤ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ያለው የኤሌክትሪክ መስመር እርጥበት ባለበት ክፍል ይፈልጋል፣ የመብራት መለዋወጥ ያበላሸዋል፣ መለዋወጫውም እዚህ አይገኝም። ከመቀመጫው ሥር በሁለቱ ብሎኖች የሚታሰረው፣ መብራት የማይፈልገው ቀላሉ ዓይነት የተሻለ ነው፤ ሆኖም ከጥልቅ ጉድጓድ የሚመጣ ውሃ በአፍንጫው ላይ ነጭ ኖራ ስለሚያስቀምጥ በየጊዜው በኮምጣጤ ማራስ ይፈልጋል።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልጨምር፤ እናትዎ በግራ እጃቸው የሚታጠቡ ከሆነ ሻታፉን የሚይዘው ቀኙ ነውና መስቀያው በቀኝ በኩል፣ ከወለሉ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ሴቶች ከፊት ወደ ኋላ መታጠብ አለባቸው፤ ውሃውን ወደ ውስጥ መርጨት ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ፈረንሳይ ውስጥ በአንድ ዘመን ቢዴን ለእርግዝና መከላከያ ያስቡት ነበር፤ አይከላከልም። ኪንታሮት ላለበት ሰው ለስላሳ የውሃ ፍሰት ከደረቅ ሶፍት ይሻላል፣ ኃይለኛ ግፊት ግን ያቆስላል። ከሁሉም በኋላ እጅ በሳሙና መታጠቡ አይቀርም። የሶፍት አጠቃቀም ሲቀንስ ደግሞ ሴፕቲክ ታንኩ ቶሎ አይሞላም፤ ለማድረቂያ በየሰው የተለየ ጨርቅ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ነው የሚወሰነው። ከደሴ ተነሥቶ መካ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መቀመጫው ፊቱንም ጀርባውንም ወደ ቂብላ (ወደ ሶላት አቅጣጫ) እንዳያደርግ ከፈለጉ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ሆኖ መተከል አለበት። ይህ የሚወሰነው መውረጃ ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት ነው፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ማዞር ወለሉን መፈንቀል ነው። የሻታፉ መስመርም ያኔ ይዘርጋ፤ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት መስመሩ በውሃ ተሞልቶ በፓምፕ ግፊት ይፈተሽ፣ ሠራተኛው «ይሆናል» ቢልዎ እንኳ መለኪያው በሰዓታት ውስጥ አለመውረዱን ራስዎ ቆመው ይዩ።