ኪው የሚቆጥረው መነሳቱን እንጂ መሠራቱን አይደለም፦ የላምዳና የኤስኪውኤስ ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ላልደረሳችሁ ባጭሩ፦ ትዕዛዝ ሲገባ መልእክቱ ኤስኪውኤስ (የአማዞን የመልእክት ወረፋ፣ ማለትም ኪው) ላይ ይቀመጣል፣ ላምዳ (ሰርቨር ሳታስተዳድር ኮድህን፣ ማለትም ፋንክሽንህን፣ የሚያሠራልህ የአማዞን አገልግሎት) ተነስቶ ለደንበኛው የደረሰኝ ኢሜይል ይልካል። ኪው ስታንዳርድ (ቅደም ተከተል የማይጠብቀው ዓይነት) ነው። ባች (በአንድ ጥሪ የሚሰጠው የመልእክት ብዛት) 10፣ የፋንክሽኑ ታይምአውት (ካልጨረሰ የሚቆረጥበት ጊዜ) 60 ሰከንድ፣ የኪው ቪዚቢሊቲ ታይምአውት (የተነሳ መልእክት ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ) 60 ሰከንድ፣ ማክስ ሪሲቭ ካውንት (መልእክቱ ስንት ጊዜ ከተነሳ በኋላ እንደሚገለል) 3፣ ሪዘርቭድ ኮንከረንሲ (ፋንክሽኑ በአንድ ጊዜ ስንት ሆኖ መሮጥ እንደሚችል የሚወስነው ጣሪያ) 2። አንዳንዱ ደንበኛ ሦስት ኢሜይል ይደርሰዋል፣ አንዳንዱ ምንም አይደርሰውም፤ ዲኤልኪው (የተገለሉት መልእክቶች የሚገቡበት ሌላ ኪው) ውስጥ ደግሞ ሎግ ላይ አንድም መስመር የሌላቸው መልእክቶች ተገኝተዋል።

ወንድሜ፣ ኢሜይል የሚልከው ኮድ ላይ ባግ ስትፈልግ አትዋል። ሦስቱም ምልክት ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው። ኪው የሚያውቀው መልእክቱ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ብቻ ነው። ኢሜይሉ ይላክ አይላክ፣ ፋንክሽኑ ይጀምር አይጀምር አያውቅም። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካልተሰረዘ መልሶ ያወጣዋል፤ በተነሳ ቁጥርም ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። በቃ።

አሁን በዚህ ዓይን ያንተን ቁጥሮች እንያቸው። የኢሜይል ሰርቨሩ ቀርፋፋ ሆኖ ለአንድ ኢሜይል 8 ሰከንድ ይወስዳል እንበል። ባቹ 10 መልእክት ይዟል። በ56ኛው ሰከንድ ሰባት ኢሜይል ተልኳል፤ ስምንተኛው እየተላከ 60 ሞላና ፋንክሽኑ ተቆረጠ። ለላምዳ ይህ የባቹ ሁሉ ውድቀት ስለሆነ ከአሥሩ አንዱንም አይሰርዝም። ሁሉም ይመለሳሉ። በሁለተኛው ዙር ሰባቱ ደግመው ይላካሉ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ቆጣሪው 3 ስለሞላ አሥሩም ዲኤልኪው ይገባሉ። ውጤቱ፦ ሰባት ሰው ሦስት ሦስት ኢሜይል፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው ምንም። በተግባር መልእክቶቹ በየዙሩ ከሌሎች ጋር ስለሚደባለቁ እንዲህ ጥርት ብሎ አይታይም፣ ግን ስሌቱ ይኸው ነው።

ቪዚቢሊቲውን ከታይምአውቱ ጋር እኩል ማድረግህ ነገሩን አባብሶታል። ቪዚቢሊቲ መቁጠር የሚጀምረው መልእክቱ ከኪው ከተነሳበት ቅጽበት እንጂ ፋንክሽኑ ሥራ ከጀመረበት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ያው መልእክት ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ከታይምአውቱ ያነሰ ብታደርገው ኖሮ ትሪገሩን (ኪውን ከፋንክሽኑ ጋር የሚያገናኘውን ቅንብር) ስትፈጥር ኤረር ይሰጥህ ነበር፤ እኩል ሲሆን ግን ዝም ብሎ ያልፋል፣ ብዙ ሰውም ኤረሩ ስለጠፋ ብቻ የተስተካከለ ይመስለዋል። አማዞን የሚመክረው ቢያንስ የታይምአውቱን 6 እጥፍ ነው፤ ባች ዊንዶው (ባቹ እስኪሞላ የሚጠበቅበት ጊዜ) ካለህ እሱንም ትደምርበታለህ። 60 ከሆነ 360 ሰከንድ ማለት ነው።

ሎግ የሌላቸው መልእክቶችስ? ኪውን የሚያነበው ፋንክሽንህ አይደለም፣ ላምዳ በጎን የሚያሠራቸው አንባቢዎች ናቸው። ሥራ ሲበዛ አምስት ባች በአንድ ጊዜ አንስተው ይጀምራሉ። አንተ ደግሞ ሪዘርቭድ ኮንከረንሲን 2 ላይ ዘግተሃል። ሁለቱ ገቡ፣ ሦስቱ በሩ ላይ ተመለሱ። እነዚህ መልእክቶች ተነስተዋልና ተቆጥረዋል፤ ፋንክሽኑ ስላልጀመረ ግን ሎግ ከየት ይምጣ? ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተመለሱ ኮድህን ሳያዩ ዲኤልኪው ይገባሉ። የፋንክሽኑን "ትሮትልስ" (በገደብ ምክንያት የተመለሱ ጥሪዎች) ሜትሪክ ክፈተው፣ እዚያ ታየዋለህ።

የኢሜይል ሰርቨሩን ላለማጨናነቅ ፍጥነቱን መገደብ ከፈለግህ ቦታው ትሪገሩ ላይ ያለው ማክሲመም ኮንከረንሲ ነው። ከ2 እስከ 1000 ይቀበላል። እሱ አንባቢዎቹን ራሳቸውን ስለሚገታ መልእክቱ ሳይነሳ ኪው ውስጥ ይጠብቃል፣ ቆጣሪውም አይነካም። ሪዘርቭዱን ጭራሽ አስወግደው፤ ለሌላ ምክንያት የግድ ካስፈለገህ ከማክሲመሙ አያንስ።

ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጣቸው ቁጥሮች፦ ባች 5፣ ወደ ኢሜይል ሰርቨሩ የሚደረገው ጥሪ ለመገናኘት 2 ለመልስ 6 ሰከንድ፣ የፋንክሽኑ ታይምአውት 60፣ ቪዚቢሊቲ 360፣ ማክስ ሪሲቭ ካውንት 5፣ ማክሲመም ኮንከረንሲ 2። አምስቱም ቢዘገዩ 40 ሰከንድ ነው፣ ለመተንፈሻ 20 ይተርፋል። የጥሪውን ታይምአውት እንዳትዘነጋ፤ የፓይተኑ ሪኩዌስትስ ላይብረሪ ለምሳሌ ካልነገርከው ያለ ገደብ ነው የሚጠብቀው። የሚከፈለው ዋጋ አንድ ነው፦ የወደቀ መልእክት ተመልሶ የሚሞከረው ከ6 ደቂቃ በኋላ ነው። ለደረሰኝ ኢሜይል ይህ ምንም አይደለም። ቶሎ መሞከር ካለበት ለዚያ መልእክት ብቻ ከኮዱ ውስጥ ቼንጅ ሜሴጅ ቪዚቢሊቲን መጥራት ይቻላል፤ ፈቃዱን ሮሉ (የፋንክሽኑ ፈቃዶች የሚዘረዘሩበት) ላይ መጨመር አትርሳ።

ቀጥሎ አንዱ ሲወድቅ ባቹ በሙሉ እንዳይመለስ። ትሪገሩ ላይ "ሪፖርት ባች አይተም ፌይለርስ" የሚለውን ታበራለህ፣ ኮዱ ደግሞ የወደቁትን መልእክቶች አይዲ ብቻ በዝርዝር ይመልሳል። እያንዳንዱን መልእክት ለብቻው ትራይና ካች ውስጥ አስገባው፤ አንድ ኤክሴፕሽን ካመለጠ ባቹ በሙሉ ይወድቃል። በምትመልሰው ዝርዝር ውስጥ አይዲው የሚቀመጥበትን ቁልፍ ("አይተም አይደንቲፋየር") ስም በአንድ ፊደል ብትስትም እንደዚያው። እዚህ ላይ በጣም የምፈራው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ኮዱ የወደቁትን እየመለሰ ትሪገሩ ላይ ማብሪያው ከተረሳ፣ ላምዳ "ያለ ኤረር ጨርሷል" ብሎ የወደቁትንም ጨምሮ ይሰርዛቸዋል። ዲኤልኪው ባዶ፣ ኤረር ዜሮ፣ ኢሜይሉ የለም። ስለዚህ ማብሪያው ከኮዱ በፊት ይብራ። ሌላ የሚጠቅም ነገር፦ ሉፑ ውስጥ የቀረውን ጊዜ ላምዳ ለፋንክሽኑ ከሚሰጠው ኮንቴክስት እያየህ ከ10 ሰከንድ በታች ሲሆን ያልነካሃቸውን እንደወደቁ ቆጥረህ መልሳቸው። በግድ ከመቆረጥ ይሻላል። ኪው ፊፎ (ቅደም ተከተል የሚጠብቀው ዓይነት) ቢሆን ደግሞ የመጀመሪያው ሲወድቅ ቆመህ እሱንና ከኋላው ያሉትን ሁሉ ነው የምትመልሰው፣ አለዚያ ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል።

ይህ ሁሉ ድግግሞሹን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ስታንዳርድ ኪው ቃል የሚገባው "ቢያንስ አንድ ጊዜ" ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ እንዳይላክ የሚከለክለው መቆለፊያ ያንተ ሥራ ነው። ዳይናሞዲቢ (የአማዞን ዳታቤዝ) ላይ አንድ ቴብል ይበቃል። ቁልፉ የኤስኪውኤስ ሜሴጅ አይዲ አይሁን፤ ላኪው ክፍል ራሱ ደግሞ ከላከ አዲስ አይዲ ነው የሚመጣው። "ደረሰኝ" ከሚል ቃልና ከትዕዛዝ ቁጥሩ የተሠራ ቁልፍ ተጠቀም። መጀመሪያ "በሂደት ላይ" ብለህ ከማብቂያ ሰዓት ጋር ትጽፋለህ፣ ኮንዲሽኑም (መጻፍ የሚፈቀድበት ሁኔታ) "ቁልፉ ከሌለ፣ ወይም በሂደት ላይ ሆኖ ሰዓቱ ካለፈ" ይሁን። ከዚያ ትልካለህ፣ ከዚያ "ተጠናቋል" ትላለህ። ኮንዲሽኑ እምቢ ካለ ሁለት ጉዳይ አለ፦ ተጠናቋል ከሆነ እንደተሳካ ቆጥረህ እለፍ፣ በሂደት ላይ ከሆነ እንደወደቀ መልሰው፣ ኋላ ይሞከራል። የማብቂያው ሰዓት ከታይምአውቱ ትንሽ ይብለጥ፣ 90 ሰከንድ ይበቃል። ብዙዎች ከመላካቸው በፊት በቀጥታ "ተጠናቋል" ይጽፋሉ፤ መሃል ላይ ፋንክሽኑ ከሞተ ያ ደንበኛ መቼም አይደርሰውም። ሰዓቱን ለቲቲኤል (ያለፈበትን መዝገብ በራሱ ለሚያጠፋው ቅንብር) ብቻ መተውም አያዋጣም፣ ዳይናሞዲቢ ያለፈበትን መዝገብ ወዲያው አያጠፋም፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ተልኮ "ተጠናቋል" ሳይጻፍ የሚሞትበት ጠባብ ክፍተት ይቀራል፤ የኢሜይል አገልግሎቱ የራሱን የድግግሞሽ መከላከያ ቁልፍ የሚቀበል ከሆነ ያንኑ ቁልፍ ስጠው። ይህን ሁሉ ራስህ መጻፍ ካልፈለግህ ፓወርቱልስ (ለላምዳ የተሠራ ላይብረሪ) ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ።

ዲፕሎይ ስታደርግ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ዲኤልኪው፣ ዋናው ኪው፣ ሮሉ፣ ፋንክሽኑ፣ በመጨረሻ ትሪገሩ፣ እሱም ጠፍቶ ይፈጠር። በእጅህ የተሠራ ናሙና ኢቨንት ሞክረህ ነው የምታበራው። ኪውና ፋንክሽኑ አንድ ሪጅን ውስጥ መሆን አለባቸው። ሮሉ ላይ ሪሲቭ ሜሴጅ፣ ዲሊት ሜሴጅና ጌት ኪው አትሪቢዩትስ ያስፈልጋሉ፤ ኪው በራስህ ኬኤምኤስ (የአማዞን የምስጠራ ቁልፍ አገልግሎት) ቁልፍ ከተመሰጠረ ዲክሪፕትም። ፋንክሽኑ ቪፒሲ (የግል ኔትዎርክህ) ውስጥ ከሆነና ናት ጌትዌይ (ከዚያ ወደ ኢንተርኔት መውጫው) ከሌለ ትሪገሩ በደንብ ይሠራል፣ ምክንያቱም አንባቢዎቹ በቪፒሲህ አያልፉም፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ጥሪ ግን ተንጠልጥሎ ይቀርና በታይምአውት ይሞታል። የመልእክቱን ቅርጽ ስትቀይር ሁለቱንም ቅርጽ የሚያነበው ፋንክሽን ይቅደም፣ ላኪው ይከተል። ኪው ውስጥ የቆዩ መልእክቶች አሉና።

ዲኤልኪው የሚታሰረው ዋናው ኪው ላይ ነው። ፋንክሽኑ ላይ የምታየው የዲኤልኪው ቅንብር ለኤሲንክ (ጠሪው ውጤቱን ለማይጠብቀው) ጥሪ ነው፣ ለዚህ አይሠራም። የዲኤልኪውን ማቆያ (መልእክት ሳይጠፋ የሚቀመጥበትን ጊዜ) 14 ቀን አድርገው፤ ስታንዳርድ ኪው ላይ ዕድሜው የሚቆጠረው መልእክቱ መጀመሪያ ከገባበት ቀን ስለሆነ፣ በነባሪው 4 ቀን ከተውከው ሦስት ቀን ዋናው ኪው ውስጥ የቆየ መልእክት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚተርፈው። አላርሙን "አፕሮክሲሜት ነምበር ኦፍ ሜሴጅስ ቪዚብል" ከዜሮ ሲበልጥ ላይ ስቀል። "ነምበር ኦፍ ሜሴጅስ ሰንት" ላይ ከሰቀልከው አይጮህም፣ በራሱ ወደዚያ የተዛወረን መልእክት አይቆጥርምና።

ጎግል ክላውድ ላይ ያላችሁ፦ በፐብሰብ (የጎግል የመልእክት አገልግሎት) የሚነሳ ፋንክሽን ሪትራይ በነባሪው ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ የወደቀ መልእክት ይጣላል። ሲበራ ሁለተኛው ጀነሬሽን ፋንክሽን እስከ 24 ሰዓት ይሞክራል፣ ስለዚህ የመቆለፊያው ጉዳይ እዚያም ያው ነው። ዳታው በቤዝ64 ተጠቅልሎ ስለሚመጣ መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል።

አሁን ዲኤልኪው ውስጥ ስላሉት። ሪድራይቭ የሚለውን (መልእክቶቹን ወደ ዋናው ኪው የሚመልሰውን) ቁልፍ ገና አትጫን። መጀመሪያ ከኢሜይል አገልግሎቱ የመላኪያ መዝገብ የደረሳቸውን ትዕዛዞች ለይተህ ቴብሉ ላይ "ተጠናቋል" ብለህ አስገባቸው፣ ከዚያ አዲሱን ኮድና ቁጥሮቹን ዲፕሎይ አድርግ፣ ከዚያ ነው ሪድራይቩ፣ ፍጥነቱንም ዝቅ አድርገህ። አለዚያ ሦስት ኢሜይል የደረሰው ደንበኛ አራተኛውን ይቀበላል።