ፖርቱ ተከፍቶ ጓደኛህ ለምን አይገባም? ስለ ቪፒኤን፣ ፖርትና ፒንግ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው፣ ማታ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ማይንክራፍትና ካውንተር ስትራይክ እጫወታለሁ። ስለ ቪፒኤንና ስለ ፖርት የምትጠይቁኝ ስለበዛ ዛሬ ተቀምጬ ልመልስ። የሚታፈርበት ጥያቄ የለም፣ በደንብ ጠይቁ። ለጀማሪ፦ አይፒ የኮምፒውተር አድራሻ ነው፣ ፖርት በዚያ አድራሻ ላይ ያለ ባለ ቁጥር በር ነው፣ ፒንግ መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ በሚሊሰከንድ ነው፣ ቪፒኤን ደግሞ ትራፊካችሁን በሌላ ሰርቨር ወይም በግል ኔትወርክ በኩል የሚያሳልፍ ነው።

ጥያቄ፦ ብሮ ላፕቶፔ ላይ የማይንክራፍት ሰርቨር አስነስቻለሁ። ራውተሩ ላይ 25565ን ከፈትኩ፣ ፋየርዎሉም ላይ ፈቀድኩ። እኔ እገባለሁ፣ ጓደኛዬ ከቤቱ ሲሞክር ግን እምቢ ይላል። ሦስት ቀን ሆነኝ፣ በናትህ እርዳኝ።

መልስ፦ አብሽር። የፖርቱን ነገር ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የራውተርህን ገጽ ክፈትና ከውጭ የተሰጠውን አይፒ እይ፣ ብዙ ጊዜ "ዋን" በሚለው ስር ነው። ከዚያ ጉግል ላይ አይፒዬ ስንት ነው ብለህ ፈልግ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው? አንድ ከሆኑ ችግሩ እዚያው ቤትህ ውስጥ ነው፣ ምናልባት ላፕቶፑ የውስጥ አድራሻው ተቀይሮ ፖርቱ ወደ ሌላ ዕቃ እየሄደ ይሆናል። ከተለያዩ ግን፣ በተለይ ራውተሩ ላይ ያየኸው በ10 ከጀመረ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ኢንተርኔት አቅራቢህ አንድ ፐብሊክ አይፒ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። ሲጂናት ይባላል። የድሮው የአይፒ ስሪት በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ስላለው ለዓለም አልበቃም፣ ስለዚህ በተለይ የሞባይል ዳታ ላይ ይሄ የተለመደ ነው።

ኮንዶሚኒየም አስብ። አንተ የቤትህን በር ከፍተህ እንግዳ ትጠብቃለህ። የግቢው በር ግን ተቆልፏል፣ ቁልፉ ደግሞ አንተ ጋ አይደለም። ራውተርህ ላይ ሺህ ፖርት ብትከፍት ጓደኛህ ግቢው በር ላይ ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ እሺ አየሁት፣ በ100.72 ይጀምራል። አሁንስ?

መልስ፦ አቅራቢህን ፐብሊክ አይፒ መጠየቅ ትችላለህ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ለአምስት ጓደኛ ብለህ እዚያ አትድረስ። የግል ምናባዊ ኔትወርክ ሥራ። ዜሮቲየር ወይም ቴይልስኬል አውርድ፣ ጓደኞችህም ያውርዱ፣ ሁላችሁም አንድ ኔትወርክ ውስጥ ግቡ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል። ጓደኛህ ያንተን አዲስ አድራሻ ጌሙ ላይ ይጽፋል፣ አለቀ።

ለምን ይሠራል? የግቢው በር ከውጭ የመጣን ሰው ነው የሚከለክለው፣ ከውስጥ የወጣን ሰው ግን ሲመለስ ያስገባል። ፕሮግራሙ ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ እንድትወጡ አድርጎ መንገድ ላይ ያገናኛችኋል። ይሄ ያልተሳካ እንደሆነ ትራፊኩ በመሀል ሰርቨር በኩል ይዞራል፣ ያኔ ፒንግ ይጨምራል፣ ግን ይሠራል።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ዊንዶውስ አዲሱን ኔትወርክ "ፐብሊክ" ብሎ መዝግቦ ሊዘጋብህ ይችላል፣ "ፕራይቬት" አድርገው። ሁለተኛ፣ ድሮ በ"ላን" (በአንድ ቤት ኔትወርክ) የምንጫወታቸው ጌሞች ሰርቨሩን ራሳቸው ፈልገው ዝርዝር ላይ ያወጡ የለ? ለእነሱ ዜሮቲየር ይሻላል፣ ያንን የፍለጋ መልእክት ያስተላልፋል። ቴይልስኬል አያስተላልፍም፣ አድራሻውን በእጅ መጻፍ አለብህ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ ፐብጂ ስጫወት ፒንጌ 180 ነው። ፒንግ ይቀንሳል የሚል ቪፒኤን አይቻለሁ፣ በወር ይከፈላል። ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ ገንዘብህን ያዝ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ቀጥታ በአየር ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ስታሰላው ከ50 ሚሊሰከንድ በታች በምንም ተአምር አይወርድም፣ ያውም ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢሄድ። ቀጥ ብሎ ግን አይሄድም። ባሕር በር ስለሌለን በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ ነው ባሕር ውስጥ ካለው ኬብል ጋር የሚገናኘው። ማንም ቪፒኤን ይሄንን ርቀት አያሳጥርም፣ እንዲያውም አንድ ተጨማሪ ማረፊያ ይጨምራል።

የሚረዳበት አንድ ሁኔታ አለ፦ አቅራቢህ ትራፊኩን በማይረባ መንገድ እያዞረ ከሆነ። ትሬስ ራውት (ትራፊኩ የሚያልፍበትን መንገድ የሚያሳይ ትእዛዝ) አድርገህ እይ። ዱባይ ያለ ሰርቨር ጋ ለመድረስ አውሮፓ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ቪፒኤን ሊያስተካክለው ይችላል፣ ነጻ የሙከራ ጊዜውን ተጠቅመህ ለካ፣ ከዚያ ወስን።

ከዚያ በፊት ግን ሰርቨር መምረጫው ላይ መካከለኛው ምሥራቅን ምረጥ፣ ዱባይ ከአዲስ አበባ 2,500 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ የፍራንክፈርት ግማሽ ማለት ነው። ራውተሩ አጠገብ ተቀመጥ። ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚያወርድ ሰው ካለ ደግሞ ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ "ኔቱ ነው" የምንለው ላግ ከሳሎን ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ማይንክራፍት ለመጫወት ራውተሩ ላይ "ዲኤምዚ ክፈቺልኝ" ይለኛል። እኔ ምንም አይገባኝም፣ አደጋ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። አይክፈቱለት። ዲኤምዚ ማለት 65,535ቱን ፖርት በሙሉ ወደ አንድ ኮምፒውተር መልቀቅ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ግን አንድ ብቻ ነው፣ 25565።

እሱንም ቢሆን እንዲሁ አይከፈትም። በታኅሣሥ 2021 ጌሙ በሚጠቀመው ሎግፎርጄ በሚባል የጃቫ ፕሮግራም ክፍል ውስጥ የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ፣ ማይንክራፍት ቻት ላይ በተጻፈ አንድ መስመር ብቻ የሰው ኮምፒውተር ላይ ኮድ ማስኬድ ይቻል ነበር። 1.18.1 ላይ ተስተካከለ፣ ግን አሮጌ ስሪት የሚያስኬድ ልጅ ዛሬም አይጠፋም። ስለዚህ ስሪቱ አዲስ ይሁን፣ ዋይትሊስት ያብራ፣ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው እንዳይገባ። ከሁሉ የሚሻለው ከላይ ያልኩት የግል ኔትወርክ ነው፣ ማን እንደሚገባ እርስዎ ራስዎ እየፈቀዱ ያስገባሉ። አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁት፦ ጓደኞቹ በታብሌት ነው የሚጫወቱት? ከሆነ ስሪቱ ሌላ ነው (ቤድሮክ ይባላል)፣ ፖርቱም 19132 ነው፣ እሱ የከፈተው የጃቫ (የኮምፒውተሩ ስሪት) ሰርቨር ላይ እንዲሁ መግባት አይችሉም።

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽኔ ናት 3 ይለኛል፣ የጓደኞቼ ድምፅ አይሰማኝም።

መልስ፦ ናት 3 ማለት ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት እየታገደ ነው ማለት ነው። ቤትህ ሁለት ራውተር አለ? አቅራቢው የሰጠህና አንተ የገዛኸው? አንዱን አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ብቻ የሚያድል) አድርገው። ከዚያ ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ (ጌሙ ራሱ ፖርት እንዲያስከፍት የሚፈቅድ) አብራ፣ ፕሌይስቴሽኑን አጥፍተህ ክፈት። ናት 2 ካለህ በቂ ነው፣ 1 ለማድረግ አትድከም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ለጌም ቪፒኤን ብጠቀም ያስቀጣኛል?

መልስ፦ የኤምሬቶች የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕግ ወንጀል ለመሥራት ወይም ወንጀል ለመደበቅ ብሎ አይፒውን የቀየረን ሰው ይቀጣል፣ የገንዘብ ቅጣቱም ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ይደርሳል። እዚያ የተከለከለ ነገር ለመክፈት ብለህ በፍጹም እንዳትሞክረው፣ እንጀራህ አለበት። ለጌም ደግሞ አያስፈልግህም፣ ሰርቨሩ አጠገብህ ነው።

ጥያቄ፦ ነጻ ቪፒኤንስ?

መልስ፦ ሆላ የሚባለው በ2015 የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች እየሸጠ እንደነበር ታውቋል። የሌላ ሰው ትራፊክ ባንተ አይፒ ይወጣ ነበር ማለት ነው። እኔ አላወርድም፣ ወንድሜም እንዲያወርድ አልፈቅድም።

ጥያቄ፦ አስር ነን። አዳማ፣ ቴልአቪቭ፣ ዋሽንግተን። የራሳችንን ሰርቨር ተከራይተን ዋየርጋርድ (የቪፒኤን ፕሮግራም) ልንጭን ነው። የት እናድርገው?

መልስ፦ ደስ ይላል። ዋሽንግተን ካደረጋችሁት የአዳማ ልጆች ያልቃሉ፣ ስለዚህ አውሮፓ፣ ለምሳሌ ፍራንክፈርት። ዋየርጋርድ በተለምዶ የሚጠቀመው 51820ን ነው፣ ዩዲፒ ብቻ (ዩዲፒና ቲሲፒ ዳታ የሚላክባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው)። ብዙ ሰው ቲሲፒ ከፍቶ ለምን አልሠራም ይላል። ሲጂናት ውስጥ ያሉት በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልኩ አድርጓቸው፣ አለበለዚያ ጌሙ ትንሽ ዝም ሲል መስመሩ ይዘጋባቸዋል። የሚገናኝ ግን ዓለሙ ሲጭን ደርቆ የሚቀር ካለ ኤምቲዩውን (በአንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ መጠን) ከ1420 ወደ 1280 አውርዱለት። የጌሙን ፖርት ደግሞ ለሁሉም አትክፈቱት፣ በዋየርጋርድ ለገባ ብቻ ይከፈት።

ጥያቄ፦ ፐብሊክ አይፒ አለኝ፣ ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቁጥሩ ይቀየራል። ጓደኞቼ ሰለቻቸው።

መልስ፦ ዳክ ዲኤንኤስ ላይ ነጻ ስም ውሰድ፣ ማደሻ ፕሮግራሙን ላፕቶፕህ ላይ አስነሳ፣ አይፒህ ሲቀየር ስሙ ይከተለዋል፣ ጓደኞችህ ስሙን አንዴ ከጻፉ በቂ ነው። ለራውተሩና ለፋይበር ሳጥኑ ደግሞ ትንሽ ባትሪ ግዛላቸው፣ ላፕቶፕህ የራሱ አለው።