ያልሠራውን ለምን አመነ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ወንድሜ በስርቆት ተጠርጥሮ ተያዘ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲመረመር አድሮ ጠዋት አመነ። ስርቆቱ ተፈጸመ በተባለበት ማታ ግን ከእኔ ጋር ቤት ነበር። ማንም እንዳልመታው ራሱ ይናገራል። እናታችን «ያልሠራ ሰው እንዴት ሠራሁ ይላል?» ብላ ልታየው እንኳ አልሄደችም። እርስዎ መርማሪ ስለነበሩ እውነቱን ይንገሩኝ። — ታላቅ እህቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ሠርቷል ወይም አልሠራም ብዬ ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። የእናትሽን ጥያቄ ግን አውቀዋለሁ። በምርመራ ሥራ ላይ 11 ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ እኔም ሳይመታ ያመነ ሰው ሠርቷል ብዬ ነበር የማስበው።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ወጣት ነው። መጋዘን ተሰብሮ ዕቃ ተሰረቀ። ልጁን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ጠየቅሁት። አልጮህኩበትም፤ «ወንድሜ» እያልኩ ነበር የማናግረው። እየደጋገመ ካደ። ሊነጋጋ ሲል «በኋላ በኩል ባለው መስኮት ገባሁ» አለኝ፤ ጻፍኩ፤ ፈረመ። መስኮቱን የሚያውቀው ሌባው ብቻ ነው ብዬ ለአለቃዬ በኩራት ሪፖርት አደረግሁ። ከ3 ሳምንት በኋላ ዕቃው ሌላ ሰው እጅ ተገኘ። ማስታወሻዬን ገልጬ ሳነብ፣ እኩለ ሌሊት ላይ «መስኮቱ አልጠበበህም?» ብዬ የጠየቅሁት እኔው ነበርኩ። ፍንጩን የሰጠሁት ሳላውቀው ነው። ልጁን ለምን እንዳመነ ስጠይቀው «መተኛት ፈልጌ ነበር። አለመሥራቴን ስለማውቅ እውነቱ በኋላ ይወጣል ብዬ አሰብኩ» አለኝ።

ይህን መልስ ልብ በይው። ንጹሕ ሰው ንጹሕነቱ ያድነኛል ብሎ ስለሚያምን ይፈርማል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ የዓመታት እስራት ሩቅ ሆኖ ይታየዋል፤ ከዚያች ክፍል መውጣት ግን በጣም ቅርብ ነው። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ሐሰትነታቸው የተረጋገጠ 125 የእምነት ቃሎችን መርምረው ነበር። የምርመራው ርዝመት በታወቀባቸው ጉዳዮች አማካዩ ከ16 ሰዓት በላይ ሲሆን፣ ካመኑት ሰዎች አብዛኞቹ ከ25 ዓመት በታች ነበሩ።

አንዳንዱ ደግሞ በራሱ ትዝታ መጠራጠር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሶል ካሲን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ተማሪዎችን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ አንዲት ቁልፍ እንዳይነኩ አስጠነቀቃቸው። ኮምፒውተሩ ሆን ተብሎ እንዲቆም ተደረገና «ነክታችኋል» ተባሉ። ማንም አልነካም፤ ግን 69 በመቶው ነካሁ ብለው ፈረሙ። በተለይ «ሲነካ አይቻለሁ» የሚል ሐሰተኛ ምስክር ሲጨመር ብዙዎች በእርግጥ ነክቻለሁ ብለው ከልባቸው አመኑ። ለዚህ ነው መርማሪ «አሻራህ ተገኝቷል» ብሎ ሲዋሽ የምቆጣው።

በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1989 በአንዲት ሴት ላይ በተፈጸመ ጥቃት ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 5 ልጆች ተይዘው ነበር። አራቱ በቪዲዮ ጭምር አመኑ፤ አምስቱም ተፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ ሰው እኔ ነኝ አለ፤ ዲኤንኤውም ከእሱ ጋር ገጠመ፤ ፍርዱ ተሻረ። ቪዲዮው ከብዙ ሰዓት ምርመራ በኋላ የመጣውን ቃል እንጂ ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊት አላሳየም።

ስለዚህ ጠበቃችሁ ከመጀመሪያው ደቂቃ የተቀረጸ ነገር ካለ ሙሉውን ይጠይቅ። በቃሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዝርዝር አውጥቶ፣ መጀመሪያ ያነሳው ወንድምሽ ነው ወይስ መርማሪው? ብሎ ይመርምር። ወንድምሽ ፖሊስ የማያውቀውን፣ በኋላ ሄደው ያገኙትን አንድ ነገር ተናግሮ ከሆነ ቃሉ ክብደት አለው። መርማሪዎቹ የነገሩትን ብቻ መልሶ ተናግሮ ከሆነ ፊርማው ድካሙን ነው የሚያሳየው። ስንት ሰዓት እንደተጠየቀ፣ መቼ እንደተኛ አሁኑኑ ሳይረሳ ይጻፍ። አንቺም የዚያን ማታ የምታስታውሺውን ከእሱ ጋር ሳትመካከሪ ለብቻሽ ጻፊ።

ለእናትሽ ይህን አንብቢላቸው። ያ ወጣት በታሰረባቸው 3 ሳምንታት አባቱ የመጡት አንዴ ብቻ ነበር። በር ላይ «ልጅዎ እኮ አምኗል» ብዬ ሳያዩት የመለስኳቸው እኔ ነኝ።