ድሬዳዋ ላይ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ወይስ ያገለገለ ኮሮላ? ለጠየቅሽው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ድሬ ሳቢያን ሰፈር እንደምትኖሪ ነግረሽን፣ አዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይስ ያገለገለ ኮሮላ፣ በጥራት የቱ ይሻላል፣ ሻጮቹስ ብሩን ከተቀበሉ በኋላ ያስተናግዳሉ ወይ ብለሻል። የተሰጡሽን መልሶችም አነበብኳቸው። አብዛኞቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው የሚመልሱ ናቸው። የድሬ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። እኔ ሁለቱንም ነድቻለሁ። ኮሮላውን ለዓመታት፣ ኤሌክትሪኩን አሁን። ስራዬ ከድሬ ሐረር መመላለስ ስለሆነ መኪና የሚፈተንበትን ቦታ አውቀዋለሁ። አንቺም ከሐረር መንገድ አትቀሪም ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ስለ ዋጋ አላወራም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኮሮላ ስንት እንደሚጠራ ታውቂዋለሽ።

1. ጥራቱን በስክሪኑ አትለኪው። ሾውሩም ውስጥ ሁሉም ያብረቀርቃል። በሩን ከፍተሽ ዝጊውና ድምፁን ስሚ። የበሩን ዙሪያ ጎማ በጣትሽ እየተጫንሽ ሂጂ። የላላ ቦታ ካለው የድሬ አቧራ በዚያው ገብቶ ዳሽቦርድሽ ላይ ይተኛል። ኮፈኑን አስከፍቺና የቧንቧዎቹን መጋጠሚያ በስልክሽ መብራት እዪ፤ ሻጩ ቢገረምም ይገረም። እውነቱን ለመናገር የኔ ኤሌክትሪክ መኪና በቀለሙ፣ በወንበሩ፣ በበሩ አገጣጠም ከኮሮላዬ ይበልጣል። የቻይና ነው ብለው የሚያጣጥሉትን አልስማማም። እኔን ያስለቀሰኝ ማንም የማያየው ትንሽ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

2. ባትሪው በምን እንደሚቀዘቅዝ ሳትጠይቂ ቀብድ እንዳትከፍይ። የቀድሞዎቹ ኒሳን ሊፍ ለምሳሌ በአየር ብቻ ነው የሚቀዘቅዙት፤ ሞቃት አገር ላይ ባትሪያቸው ቶሎ እንደሚደክም በዓለም የታወቀ ነው። በፈሳሽ ወይም በኤሲው ጋዝ የሚቀዘቅዝ ምረጪ። ኤልኤፍፒ የሚባለው የባትሪ ዓይነት ደግሞ ሙቀት በተሻለ ይችላል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። በመሃል ያለው ደንገጎ አቀበት ላይ ባትሪው በሙሉ ኃይሉ ይሰራል፣ ከላይ ፀሐይ አለ፣ አንቺ ደግሞ ኤሲ ከፍተሻል። ስትመለሺ ቁልቁለቱ መልሶ ቻርጅ ያደርግልሻል፤ ደንገጎ ላይ ከነበረሽ ባትሪ ጨምረሽ ድሬ ትገቢያለሽ። ይሄን ኮሮላ አይሰጥሽም፣ እኔ እስካሁን ደስ ይለኛል።

3. ዋስትናውን በደንብ አንብቢ፤ በተለይ "የት" እና "በማን" የሚለውን። እዚህ ላይ ነው የኔ ጉድ ያለው።

መኪናዬን የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ነው። ስሙን አልጠራም። ስገዛ ቡና ቀርቦልኝ፣ "ጌታዬ" ተብዬ ነው። ባትሪው የ8 ዓመት ዋስትና አለው ተብሎ ወረቀቱ ተሰጠኝ። ግንቦት መጣ፣ ድሬ እንደምታውቂው ሆነች። ኤሲው እየደከመ ሄዶ ትኩስ አየር መንፋት ጀመረ። ቀጥሎ ደንገጎ አቀበት ላይ የባትሪ ሙቀት ማስጠንቀቂያ በራና መኪናው ጉልበቱን ቀነሰ። ፔዳሉን ብትረግጪው አይሰማም። አይሱዙ ከኋላዬ ክላክስ እያስጮኸ ዳር ይዤ ተንፏቀቅኩ።

ደወልኩላቸው። "አዲስ አበባ አምጣው" አሉኝ። ድሬ የሚያውቀኝ የኤሲ ባለሙያ አለ፣ እሱ ይየው ስላቸው "ሌላ ሰው ከነካው ዋስትናው ይሰረዛል" አሉኝ። እሺ እንነዳው ቢባል በአዋሽና በመተሃራ ሙቀት፣ ባትሪው እየጋለ፣ እንዴት ተደርጎ? ሎቤድ፣ ማለትም መኪና የሚጭን ተሳቢ፣ ተከራይቼ አስጫንኩት። አቦ፣ የዚያ ሎቤድ ሂሳብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከሽያጭ በኋላ አገልግሎት የሚባለው ቢሮ ስደርስ ቡናም የለ፣ ጌታዬም የለ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ አላየኝም። ችግሩን አስረዳሁት። እንዲህ አለኝ፦ "ኤሲ ምቾት ነው፣ ዋስትና ውስጥ አይገባም። እዚያ ሙቀቱ የታወቀ ነው፤ መስኮት ከፍታችሁ ንዱ።"

መስኮት ከፍታችሁ ንዱ! የድሬ ሰው ሙቀት አያውቅም ብሎ ነው? እኔ የመጣሁት ላቤ አስቸግሮኝ አይደለም። "የኔ ወንድም" አልኩት፣ "የዚህን መኪና ባትሪ የሚያቀዘቅዘው ይሄው የኤሲ ጋዝ ነው። ጋዙ ከሌለ ባትሪው ይግላል። 8 ዓመት ዋስትና የሰጣችሁት ለባትሪው አይደል?" እሱ ግን ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ያኔ ነው ድምፄን ሳላነሳ "እንግዲያው እምቢ ያላችሁኝን በጽሁፍና በማህተም ስጡኝ" ያልኩት። እህቴ፣ ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዢያት። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ስልክ ተደወለ፣ ወንበር ተሰጠኝ፣ ኃላፊው ከውስጥ ወጣ። "ይሄን ያህል ምን አካረረው" አለኝ። መልሼ "ወይ ስሩልኝ፣ ወይ ጻፉልኝ" አልኩት። መኪናው በዚያው ቀን ወርክሾፕ ገባ።

ወርክሾፑ ውስጥ ያለው ልጅ ግን የተባረከ ነው። "ጋሼ፣ ይምጡ ይዩት" ብሎ ጠራኝ። አንዷ የጋዝ ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ቅባት የጠጣ አቧራ ጥቁር ሆኖ ተለጥፏል። በጨርቅ ጠረገው፣ ናይትሮጅን ሞላበት፣ የሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው ቀስ ብሎ ተነፋና ፈነዳ። ሌላው መጋጠሚያ ላይ ምንም የለም። ፈታውና መዳፌ ላይ አኖረልኝ፦ አንዲት ቀለበት የምታክል ጎሚኒ፣ ሲገጥሟት ተጣማ ገብታ አንድ ጎኗ ተቆርጧል። ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ስክሪን፣ በእሷ የተነሳ ቆመ። ጎሚኒዋ ተቀየረች፣ ጋዝ ተሞላ፣ ኤሲው በረዶ ሆነ። ለጥገናው አልከፈልኩም። ለሎቤዱ ግን ማንም ሃላፊነት አልወሰደም፤ ደብዳቤ አስገብቼ ዛሬም መልስ የለም።

ይሄንን ስራ ድሬ ላይ በግማሽ ቀን የሚጨርሱ ልጆች አሉ። ሙቀቱ ያሰለጠናቸው የኤሲ ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ውል ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር በጽሁፍ አስገቢ። አንደኛ፣ ድሬዳዋ ላይ የትኛው ጋራዥ እንዲነካው እንደሚፈቅዱ፣ ቢያንስ ለኤሲ፣ ለፍሬንና ለእግር ስራ። ሁለተኛ፣ በዋስትና ውስጥ ያለ ብልሽት አዲስ አበባ ካስጠራሽ የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል። "ችግር የለም፣ እናመቻቻለን" ካሉሽ ጻፉት በያቸው። ካልጻፉ ሌላ ሻጭ አለ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የድሬ ባለሙያ ሲሰራልሽ የኤሌክትሪክ መኪና የኤሲ ኮምፕረሰር፣ ጋዙን የሚገፋው ማለቴ ነው፣ ፒኦኢ የሚባለውን ዘይት እንደሚፈልግ ንገሪው። ለነዳጅ መኪና የሚሞላው ፓግ የሚባል ዘይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ኮምፕረሰሩን ያበላሸዋል፣ መኪናው ራሱም ኤሌክትሪክ ያፈሳል ብሎ ሊዘጋብሽ ይችላል። ከዚህ በፊት ለነዳጅ መኪና በተጠቀመበት ማሽንም አይሙላው።

ሌላው ሕጉ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ስለዚህ መኪናውን እንደተረከብሽ ለሰርግ አታስቀምጪው። በመጀመሪያው ሳምንት ደንገጎን ውጪበት፣ በቀትር፣ ኤሲ ከፍተሽ፣ ሰው ጭነሽ። የሚያስነጥስ ነገር ካለው ያኔ ያስነጥስ።

ኮሮላውን ከመረጥሽም አልፈርድብሽም። ዕቃው እዚሁ አለ፤ ከጠፋም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተደውሎ በአውቶብስ ይመጣል። ማንም መካኒክ ከፍቶ ያየዋል፣ ማንም መስኮት ላይ አያቆምሽም። ግን እሱንም ያው አቀበት ላይ ሞክሪው። የሙቀት ጠቋሚውን ከመሃል ፈቅ ካደረገ ሻጩ "ቴርሞስታት ነው፣ ቀላል ነው" ይልሻል። አትቀበዪው። የራስሽን መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን አስከፍቺ፣ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ቁልፉን መልሺለት።