«ጨጓራ ነው» ሲሉሽ በዚያው አትመለሺ

እህቴ፣ «አባቴን ሁለት ጊዜ ደም አስመለሳቸው፣ የጨጓራ መድኃኒት እየወሰዱም ለውጥ የለም» ያልሽውን አነበብኩ። ጣና ዳር ነው ያደጉት ስትዪ አላስቻለኝም። ልክ የወንድሜ ታሪክ ነው፤ የሱም ጨጓራ ሳይሆን ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ፣ ቢልሃርዚያ ነበር።

1. ኢንዶስኮፒ ይታዩ፤ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ውስጡን ማየት ነው። መድኃኒት ብቻ ተቀይሮላችሁ አትመለሱ። እንደገና ካስመለሳቸው ወይም ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

2. ሆዳቸውን በግራ በኩል ያስዳስሱ። እኛ እዚያው ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው ያደግነው፤ ከታንኳ እየዘለልን ስንዋኝ ነው የምንውለው። ወንድሜን ስምንት ወር ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት አስዋጡት። አንዱ ባለሙያ ደግሞ «አረቄ አቁም» አለው። አረቄ ቀምሶ አያውቅም! እናቴ በእጇ ዳስሳ «ጎኑ ጠጥሯል፣ ጣፊያው ነው» ስትል እኛም አልሰማናትም። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንድ ሌሊት ሳህን ሙሉ ደም አስመለሰው። ሪፈር ይዘን ከተማ ስንደርስ የጤና መድን መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «ማህተም የለውም» ብሎ ወረቀቱን ወረወረልኝ። ወንድሜ ደም እየተሰጠው እኔ ማህተም ፍለጋ ተመለስኩ። ቀኑ በዚያው አለቀ።

በአልትራሳውንድና በኢንዶስኮፒ ሲታይ ነገሩ ቢልሃርዚያ ሆኖ ተገኘ። ትሉ ከውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። እንቁላሉ ጉበት ውስጥ ባለው የደም ሥር ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል። ደሙ ማለፊያ ሲያጣ ጣፊያ ያብጣል፣ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ታችኛው ጫፍ ላይ ያሉት የደም ሥሮችም ተወጥረው ይፈነዳሉ። ይሄን ኦሜፕራዞል ምን ያደርገዋል? በሽታው ከቆየ የሰገራ ምርመራም «ነፃ» ሊል ይችላል፤ በሱ ብቻ አትዘናጊ።

ያበጡትን ሥሮች በካሜራ እያዩ በትንንሽ ላስቲክ ያስሯቸዋል። አንዴ አይበቃም፤ ወንድሜ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፣ ጠባሳውን ግን አያጠፋም። ስለዚህ በነዚያ ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት እንዲቀንስለት ፕሮፕራኖሎልም ታዘዘለት። ለወገብ ሕመም የሚወስደውን ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ደግሞ ጭራሽ ከለከሉት፤ አባትሽም እንዲህ ያለ ነገር የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ።

ዘንድሮ ቡናውን ራሱ ለቀመ። ከዛፍ ላይ ሆኖ ሲጣራ ስሰማው ዕንባዬ መጣ።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ ከሁሉ በፊት «ጣና ዳር ነው ያደጉት፣ ጣፊያቸውን እይልኝ» በዪ። ሪፈሩን ስትቀበዪም ማህተሙን እዚያው ቆመሽ እዪ።